ቱርቦ ሞተር የተገጠመለት ሂሉክስ የኋላ አክስሉን እንዴት እናጠንክርለት?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ወንድሜ። ሌሎች አባላትም እንዲከታተሉት ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ከተሠራው ኤልኤን 106 ሂሉክስዎ ላይ ቱርቦ የሌለውን 2.8 ሊትር 3ኤል ሞተር አውርደው፣ በምትኩ 3 ሊትር ቱርቦ የሆነውን 1ኬዜድ አስገጥመዋል። መኪናው ከሽንዲ ወደ ቡሬ በቆሎ ያመላልሳል፤ አንዳንዴም አባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። የጠየቁት ፋብሪካው የሠራለት የኋላ አክስል ይህን ጉልበት ይችለው እንደሆነ፣ ካልቻለም ዲፈረንሻሉን (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የማርሽ ስብስብ) በብየዳ ከማሰርና የላንድክሩዘር አክስል ከመግጠም የትኛው እንደሚሻል ነው።

እኔ ባሕር ዳር ላይ በዚሁ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ሞተር የተቀየረላቸው ሂሉክሶችም ብዙ ጊዜ በእጄ አልፈዋል። አክስሉ ሞተሩን ብቻውን ይችለዋል። ሞተሩንና ከልክ ያለፈ ጭነትን በአንድነት ግን አይችልም። ብየዳውን እንዲተዉት ከወዲሁ እለምንዎታለሁ፤ ምክንያቱን ከታች እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ «የፈረስ ጉልበት» የሚለውን ቃል ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገው። የፈረስ ጉልበት መኪናው ዳገቱን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ ይነግረናል እንጂ ሴሚያሱን፣ ማለትም ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ፣ ምን እንደሚያጣምመው አይነግረንም። ሴሚያስ የሚጣመመው በቶርክ፣ ማለትም በሚያዞረው ኃይል ነው፤ ያውም ሞተሩ በሚሰጠው ቶርክ ብቻ ሳይሆን ካምቢዮውና ኮሮናው (የዲፈረንሻሉ ትልቁ ማርሽ) አባዝተው በሚያደርሱት ነው። 3ኤል ሞተር 190 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል። 1ኛ ማርሽ ይህን በ4 ገደማ ያባዛዋል፤ ኮሮናውና እርሱን የሚያዞረው ማርሽ፣ ፒኞኑ፣ 41 በ10 ጥርስ ከሆኑ እንደገና በ4.1 ይባዛል። ስለዚህ ወደ ኋላ ጎማዎች ይደርስ የነበረው በድምሩ 3,100 ኒውተን ሜትር ያህል ነበር። 1ኬዜድ እንደ ዓይነቱ ከ290 እስከ 340 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ 300 ብለን ብንይዝ በዚያው ማርሽ 4,900 ይሆናል። ባለ አራት ጎማ መንጃውን ዝቅተኛ ማርሽ ሲያስገቡ ቁጥሩ ከዕጥፍ በላይ ያድጋል፤ ደግነቱ ያን ጊዜ ሸክሙን የፊት አክስል ይካፈላል።

በእኛ አገር ደግሞ በወረቀት የማይታይ ተጨማሪ ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ቱርቦው ግን የጎደለውን አብዛኛውን ይመልሳል። የድሮው 3ኤልዎ ቡሬ ዳገት ላይ 190 ሰጥቶ አያውቅም ማለት ነው፤ አክስልዎም ዕድሜውን በሙሉ ከተጻፈለት ያነሰ ሸክም ለምዶ ኖሯል። ሞተሩ ከተቀየረ በኋላ «በሁለት ወሩ ሴሚያስ ሰበረ» የሚባለው ወሬ በከፊል ከዚህ ይመነጫል፤ ለውጡ ወረቀቱ ከሚያሳየው ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቶርኩ ወደ ሴሚያሱ የሚደርሰው ጎማው መሬቱን እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው፤ ጎማው ከተንሸራተተ ትርፉ ጉልበት በጭስና በድምፅ ያልቃል። ስለዚህ ጎማው በአክስሉ ላይ እንደ ፊውዝ ሆኖ ይሠራል። በኋላው አክስል ላይ 1,500 ኪሎ ግራም ቢያርፍ፣ ጎማው ደረቅ አስፋልትን የሚይዝበት መጠን 0.8 ቢሆንና ከመሬት እስከ መሐል 36 ሴንቲ ሜትር ቢኖረው፣ ጎማዎቹ ሳይንሸራተቱ የሚቀበሉት 4,200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አዲሱ ሞተር በ1ኛ ማርሽ 4,900 ሲያመጣ ፊውዙ ይቀልጣል፣ ማለትም ጎማው ይሾራል፤ አክስሉም ይድናል። በቆሎውን ጨምረው የኋላውን ክብደት 2,300 ኪሎ ግራም ካደረሱት ግን ጎማው እስከ 6,500 ድረስ አይንሸራተትም፤ 4,900ውም በሙሉ በሴሚያሱና በፒኞኑ ጥርስ ላይ ያርፋል። ፊውዙን በወፍራም ሽቦ ቀይረውታል ማለት ነው። በመጠን ተለቅ ያለ ጎማ መግጠምም ይህንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለቁመና ሲባል ትልቅ ጎማ እንዳይገጥሙበት እመክራለሁ።

ከዚህ የባሰው ድንገተኛ ምት ነው። በክረምት ዋልካ ውስጥ አንዱ ጎማ በባዶ ሲሾር ቆይቶ በድንገት ድንጋይ ሲይዝ፣ ወይም ሾፌሩ ከጭቃ ለመውጣት ሞተሩን አስጩሆ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ሲለቅ፣ የሚሽከረከሩት ብረቶች ሁሉ ክብደት በቅጽበት ሴሚያሱ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ከላይ ያሰላሁት ቁጥር ሁሉ ትርጉም ያጣል። ተሰብረው ከመጡልኝ ሴሚያሶች አብዛኞቹ ታሪካቸው የዋልካ ነው እንጂ የአባይ ዳገት አይደለም።

ብየዳውን በተመለከተ፣ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ሁለቱን ሴሚያሶች የሚያመዛዝኑትን ትናንሽ ማርሾች በይዶ ማሰር በጭቃ ላይ እንደሚጠቅም አልክድም። ነገር ግን ሳይታሰሩ ሲቀሩ እያንዳንዱ ሴሚያስ የሚደርሰው የቶርኩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ከላይ ባለው ስሌት 2,450። ከታሰሩ በኋላ አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ አየር ላይ ሲቀር ሙሉው በአንዱ ሴሚያስ ያልፋል። አክስሉን አጠነክራለሁ ብለው ሸክሙን ዕጥፍ አደረጉት ማለት ነው። በአስፋልትም በየኩርባው የውስጥና የውጭ ጎማ የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ አንዱ የግድ መንሸራተት አለበት፤ ሴሚያሱም በቀን መቶ ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተጣመመ ይደክማል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን ጠመዝማዛ በታሰረ ዲፈረንሻል፣ ጭነት ይዞ፣ በዝናብ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

ገንዘብዎን በቅድሚያ የሚያውሉበት ቦታ ዲፈረንሻሉ ራሱ ነው። ሂሉክሱ ላይ ያለው ባለ 8 ኢንች ኮሮና ነው፤ ይኸው መጠን ግን በሁለት ዓይነት ተሠርቷል። በደካማው ዓይነት ውስጥ ትናንሾቹ ማርሾች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ለቪ6ና ለቱርቦ ሞተሮች በተሠራው ውስጥ አራት ናቸው፤ የጎኖቹ ኩሽኔታዎችም ተለቅ ያሉ ናቸው፤ የውስጥ ስፋታቸው 45 ሚሊ ሜትር በነበረበት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው በእርስዎ አክስል ቤት ውስጥ ያለ ምንም ብየዳ ይገባል፤ ክሮቼራው (የማስተላለፊያው ዘንግ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) የሚታሰርበት ፍላንጅ ብቻ ሊለያይ ስለሚችል ከዲፈረንሻሉ ጋር አብረው ይግዙት። ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ሻጩ «የቱርቦ ነው» ስላለዎት ብቻ አይቀበሉ፤ በሴሚያሱ ቀዳዳ በባትሪ መብራት አሳዩኝ ብለው አራቱን ማርሾች በዓይንዎ ይቁጠሩ።

የጥርሱን ቁጥርም ይመልከቱ። ብዙ ሰው ለዳገት ብሎ 39 በ8 ወይም 37 በ7 ያስገባል። የፒኞኑ ጥርስ ቁጥር ባነሰ መጠን ፒኞኑ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በአንድ ጊዜ ሸክሙን የሚሸከሙት ጥርሶችም ይቀንሳሉ። ደካማው ሞተር ያን ማባዛት ይፈልግ ነበር፤ ቱርቦው ግን አይፈልገውም። ስለዚህ 41 በ10 የሆነውን ቢይዙ ፒኞኑም ይወፍርልዎታል፣ ሞተሩም በረጅም መንገድ አይጮህም። ነገር ግን የፊቱ ዲፈረንሻል የግድ ተመሳሳይ ጥርስ ይኑረው፤ አለዚያ አራት ጎማ ባስገቡ ቁጥር የፊትና የኋላው እርስ በርስ ይታገላሉ።

አገጣጠሙ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ያየሁት የኮሮና ስብራት ከብረቱ ድካም ይልቅ ከአገጣጠሙ ስሕተት የመጣ ነው። በኮሮናውና በፒኞኑ መካከል የሚተወው ክፍተት በፋብሪካው መመሪያ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በእጅ በማወዛወዝ የሚገመት አይደለም፤ ዳያል ጌጅ ያስፈልጋል፤ ደግሞም በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ኮሮናውን እያዞሩ ቢያንስ በሦስት ቦታ መለካት አለበት። ከዚያም ጥርሱን ቀለም ቀብቶ በማሽከርከር አሻራው የት እንደሚያርፍ ማየት ነው። ጭነት ሲመጣ ብረቱ በጥቂቱ ስለሚለጠጥ አሻራው ወደ ውጭኛው የጥርስ ጫፍ ይሸሻል፤ ስለዚህ ያለ ጭነት ስንገጥም አሻራው ከመሐል ጥቂት ወደ ውስጠኛው ጫፍ ቢያዘነብል ይሻላል። ከመጀመሪያውኑ ወደ ውጭ ካዘነበለ በጭነት ጊዜ የጥርሱ ጠርዝ ብቻውን ይሸከማል፤ ተቆርሶም ይወድቃል።

የኮሮናው ብሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ ቀዳዳዎቹ ከዘይት ይጽዱ፤ ጥብቀቱም በቶርክ ቁልፍ 97 ኒውተን ሜትር ይሁን። ኮሮናው በመያዣው ላይ በመዶሻ እየተመታ ሲገባ ካዩ ሥራውን ያስቁሙ። መመሪያው ኮሮናውን በፈላ ውኃ ውስጥ 100 ዲግሪ ገደማ አሙቆ፣ እርጥበቱ ሲደርቅ ፈጥኖ ማስገባት ይላል። (ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ እዚያ ያሉ ባልደረቦቼ ትንሽ ረዘም አድርገው ያቆዩታል፤ ጎጃም ውስጥ ኮሮና እንደ ሽሮ ትዕግሥት ይጠይቃል እያሉ ይቀልዳሉ።)

በፒኞኑ ሁለት ኩሽኔታዎች መካከል ደግሞ ዳዶው ሲጠብቅ እየተጨፈለቀ ልኩን የሚይዝ ቱቦ ሊያገኙ ይችላሉ። ለተለመደው ጉልበት በቂ ነው። በከባድ ቶርክ ግን ፒኞኑ ከኮሮናው ሊሸሽ ስለሚታገል ያ ቱቦ ከጊዜ በኋላ ይበልጥ ይጨፈለቃል፤ ኩሽኔታው ይላላል፤ ፒኞኑም መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃውን) ለመቀየር ብቻ ዳዶውን ፈትቶ በአየር ቁልፍ መልሶ ማጥበቅ ነው፤ ቱቦው አንድ ጊዜ አልፎ ከተጨፈለቀ ኩሽኔታው ታንቆ ይቃጠላል። መፍትሔው ቶርኖ ቤት ወስዶ የማይጨፈለቅ ወፍራም የብረት ቱቦ ማስቀረጽና ልኩን በስስ የብረት ቀለበቶች ማስተካከል ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አምስትና ስድስት ጊዜ ማውጣትና ማስገባት ይጠይቃል። ቢሆንም ለዚህ መኪና አንድ ማሻሻያ ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ከአራቱ ማርሽ ቀጥሎ ይህን እመርጣለሁ።

ስለ አክስሉ ቤት ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገርዎት። በሥራው ገና ሳለሁ የአንድ ደንበኛዬን ሂሉክስ ቤት ለማጠንከር 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከላይ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ከሰዓት በየድኩት። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ ሳባቸው። በዓይን ምንም አይታይም ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየው የሁለቱም የኋላ ጎማዎች የውስጥ ጠርዝ ተበልቶ፣ ኦይል ሲሉም ወደ ታምቡሩ እያፈሰሰ መጣልኝ። ሌላ የአክስል ቤት በራሴ ወጪ ገዝቼ ተካሁለት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ዛሬ ስሠራው ሴሚያሶቹንና ሲሎቹን ሁሉ አወጣለሁ፤ ውስጡን ከዘይት አጸዳለሁ፤ ቤቱ እንዳይጠማዘዝ አሮጌ ዲፈረንሻል በቦታው አስሬ እተዋለሁ። ከዚያም በ7018 ኤሌክትሮድ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ በየድኩ ወደ ሌላኛው ጎን እሻገራለሁ፤ ብረቱ እጅ የሚያስነካ እስኪሆን ድረስ አልመለስበትም። አንድ ቤት ሁለት ቀን ይወስድብኛል። ሲያልቅ ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለቱም ጫፍ አሳልፌ ካላረጋገጥኩ አላስረክብም። ለእርስዎ ሥራ ግን ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ቤቱ ቀድሞውኑ የመጎበጥ ምልክት ካሳየ ብቻ ነው። ቤቱ ቀጥ ያለ ከሆነ አይንኩት።

ከቤቱ ይልቅ ባሌስትራው (አክስሉን የያዘው የላሜራ ስፕሪንግ) ቶሎ ትኩረት ይሻል። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር አክስሉ በተቃራኒው መዞር ስለሚፈልግ የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ባሌስትራውም እንደ ኤስ ፊደል ይጣመማል። ከዚያ ተፈናጥሮ ሲመለስ ጎማው ይዘላል፤ እያንዳንዱ ዝላይ ደግሞ ከላይ የጠቀስኩት ድንገተኛ ምት ነው። በዚህ ጊዜ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ ክሮቼራው ነው፤ ሰዎችም ክሮቼራውን እየቀያየሩ ምክንያቱን ሳያገኙ ይኖራሉ። መኪናውን ከፍ ለማድረግ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የተቀመጠ የብረት ብሎክ ካለ መጀመሪያ ያውጡት፤ ይህን መጣመም የሚያባብሰው እርሱ ነው። ከዚያም ከአክስሉ እስከ ፊተኛው ማሰሪያ ብቻ የምትደርስ አጭር ተጨማሪ ባሌስትራ ያስገቡ። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ የምታደርገው ልዩነት ግን በመጀመሪያው ዳገት ይታወቅዎታል።

ሴሚያሶቹን በተመለከተ ደግሞ የተሰበረ ወይም የተሰነጠቀ ሴሚያስ በይዶ በቶርኖ ማስተካከል የሚባለውን ፈጽሞ አይቀበሉ። ብረቱ ጠንካራ እንዲሆን በሙቀት የተሠራ ነው፤ ብየዳው ያንን ያበላሽበትና ከብየዳው አጠገብ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የእርስዎ መኪና ሴሚያስ ማዞር ብቻ ሳይሆን የመኪናውንም ክብደት ስለሚሸከም፣ ሲሰበር ጎማው ራሱ ይዞት ሊወጣ ይችላል። ኩሽኔታውን ሲቀይሩም የሚያቆየው ቀለበት አንድ ጊዜ ከወጣ አይደገምም፤ አዲስ ይግባ።

ስለ ዘይት ብዙ አልልም፦ ጂኤል-5 የሚል የተጻፈበት 80ደብሊው-90፣ ለከባድ ጭነት 85ደብሊው-140። መተንፈሻውን ግን አይርሱ። አክስሉ በረጅም ዳገት ግሎ በክረምት ጅረት ሲሻገር በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲኮማተርም በሲሉ በኩል ውኃ ይስባል። ከመተንፈሻው ቀዳዳ ላይ ጎማ ቱቦ ሰክተው እስከ ካሶኒው ከፍታ ያውጡት። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ካገኙት ውኃ ገብቷል፤ የዚያኑ ዕለት ይቀየር።

የላንድክሩዘሩ አክስል ጠንካራ ነው፤ ኮሮናው 9.5 ኢንች ነው፤ በፒክአፕ ላንድክሩዘሮቹ ላይ ክብደቱን የሚሸከመው ሐቡ ስለሆነ ሴሚያሱ ማዞር ብቻ ነው ሥራው። የድሮው 75 ሞዴል ባለ ስድስት ብሎን ስለሆነ ከእርስዎ ቸርኬ ጋር ይስማማል፤ በፈረንጆቹ ከ1999 ወዲህ የመጡት 78ና 79 ግን ባለ አምስት ብሎን ናቸው። ጥርሱም 37 በ9፣ ማለትም 4.11 የሆነውን ካገኙ ከፊትዎ 4.1 ጋር ያለው ልዩነት በመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በፒስታ መንገድ ላይ ችግር አያመጣም። የባሌስትራው መቀመጫ ግን ተቆርጦ እንደገና መበየድ አለበት፤ የፒኞኑ አንግል፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድ፣ የፍሬን ቱቦው ሁሉ እንደገና ይሠራል። የኋላው ጭነት አዘውትሮ 2 ቶን ገደማ የሚደርስ ከሆነ ይህ ወጪ ተገቢ ነው፤ ካልሆነ ግን ለአሁኑ አላስፈላጊ ነው።

አዲሱ ዲፈረንሻል ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ያለ ጭነት 20 ደቂቃ ያህል በዝግታ ነድተው እስኪቀዘቅዝ ያቁሙት፤ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስም በቆሎ አይጫን፤ ከዚያ ዘይቱ ይቀየር። ሴሚያሶቹን ከመመለስዎ በፊት ደግሞ በእያንዳንዳቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጥ ያለ ነጭ የቀለም መስመር ያስምሩ። ከአንድ የበቆሎ ወቅት በኋላ አውጥተው ይመልከቷቸው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቆየ ሴሚያሱ በቂ ነው፤ እንደ ገመድ መዞር ከጀመረ ግን ብረቱ ከልኩ አልፏል፤ ያኔ ሁለቱንም ቀይረው የላንድክሩዘሩን አክስል መፈለግ ይጀምሩ።